የዋልታ ባሕርን ወለል ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንታርክቲካ ዙሪያ የባሕሩ ውሃ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። «እንዲህ በሚቀዘቅዝ ቦታ ምን ይኖራል?» ብሎ መነሳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በ2021 የጀርመኗ የምርምር መርከብ «ፖላርሽተርን» በዌዴል ባሕር ካሜራ ስትጎትት የበረዶ ዓሣ (ደሙ ቀለም የለውም) ጎጆዎችን አገኘች። ግምቱ 60 ሚሊዮን ጎጆ ነው! አብዛኞቹ ላይ አንድ ዓሣ ቁጭ ብሎ እንቁላሉን ይጠብቃል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን አንዴ አይቶ መፍረድ ነው። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሲያልፍ ሥሩ ወለሉን ያርሰዋል። የታረሰው ባዶ ሲቀር፣ አጠገቡ ለዓመታት ያደጉ ስፖንጆች (ወለሉ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት) ሊኖሩ ይችላሉ። ዘንድሮ ካሜራው ባዶው ላይ፣ ከርሞ ስፖንጆቹ ላይ ቢያርፍ «ሕይወት ጨመረ» ብለን እንጽፋለን። ያልሆነውን! መፍትሔው ምልክት ወደተደረገበት ቦታ መመለስ ነው። የእንግሊዝ ጠላቂዎች አንታርክቲካ ባለው የምርምር ጣቢያቸው ሮቴራ አጠገብ ወለሉ ላይ ምልክቶች አስቀምጠው፣ በረዶ ስንቱን እንደሰበረ በየዓመቱ ይቆጥራሉ። በአርክቲክ በኩል ደግሞ ጀርመኖች በፍራም የባሕር ወሽመጥ ከ1999 ጀምሮ ቋሚ ጣቢያዎችን ይከታተላሉ።

«ቅዝቃዜ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው» ብሎ ለረጅም ጊዜ ወደ ቦታው አለመመለስም ያሳስታል። ላርሰን ኤ የተባለው የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ በ1995 ከፈረሰ በኋላ፣ ከ2007 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ብቻ በሥፍራው የመስታወት ስፖንጆች (አጽማቸው መስታወት መሰል የሆነ ስፖንጆች) ቁጥር በሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል።

በአንድ መሣሪያ ብቻ መተማመንም አያዋጣም። መረብ ስፖንጁን ይሰባብራል፤ ካሜራ ጭቃ ውስጥ የተቀበረውን ትል አያይም። ፎቶ ላይ ደግሞ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት የሌዘር ነጥቦች ከሌሉ የእንስሳውን መጠን መለካት ይከብዳል።

ብዙ ድካም መና የሚቀረው መርከቡ ላይ ነው። ጭቃውን በወንፊት ሲያጥቡ የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። የባሕር እንስሳ ጨው አልባ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ስሱው ይፈነዳል። ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ይጠቀሙ። ናሙናውን በሙሉ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ አይክተቱ። ፎርማሊን ቅርጹን ቢጠብቅም ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ የዋልታ እንስሳት ደግሞ መልካቸው አንድ ሆኖ ዝርያቸው ሊለያይ ይችላል። ከፊሉን አልኮል ውስጥ ያስቀምጡ። ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን ከናሙናው ጋር ማሰሮው ውስጥ ይክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።