ንብ ስትነድፍ ለምን ያብጣል? ምንስ ይደረጋል?

ጎጃም ውስጥ ጥቅምት ላይ ማር ሲቆረጥ፣ የኩበቱ ጭስ ቢበዛም አንዷ ንብ ከዓይን ስር ሳትነድፍ አትቀርም። መጀመሪያ መንደፊያውን አውጡ። በጥፍርም ይሁን በቢላ ጀርባ፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው። መንደፊያው ላይ ያለው የመርዝ ከረጢት ከንቧ ተነቅሎም መርዝ መግፋቱን አያቆምም።

እብጠቱ ግን መርዙ ብቻ አይደለም። ቆዳ ውስጥ ያሉ ማስት ሴሎች የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። የትንንሽ ደም ስሮች ውስጠኛ ሽፋን ጎን ለጎን የተጣበቁ ስስ ሴሎች ነው፤ ሂስታሚኑ በላያቸው ባለው፣ ኤች 1 በሚባለው መልእክት ተቀባይ ሲይዛቸው ይኮማተራሉ፣ በመሃላቸው ክፍተት ይከፈታል፣ ፈሳሹና ፕሮቲኑም እንደሚያዥ እንስራ ወደ ውጭ ይወጣል። ደም ስሩም ስለሚሰፋ ቦታው ቀይ ይሆናል።

ስለዚህ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙበት፣ ደም ስሩን ያጠብበዋል። ሴቲሪዚን የሚባለው የአለርጂ ኪኒን ለአዋቂ በቀን አንዴ 10 ሚሊ ግራም ነው። ተቀባዩን ይዘጋል እንጂ የወጣውን ውሃ አይመልስም፤ እብጠቱ ቶሎ አልጠፋም ብላችሁ አትደራርቡት። ጭቃ መለጠፉንም ተዉት፣ በኋላ ቁስል ነው ትርፉ።

መላ ሰውነት ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካዞረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደም ስሩ በየቦታው ሲያዥ የደም ግፊት ይወርዳል። ያኔ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ ኪኒን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።