ፕሮግራሙ «ፈቃድ የለዎትም» ሲል፦ ለዲጄዎች ችግርና መፍትሄ

ገመድ ቀይራችሁ፣ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብርታችሁ፣ ድራይቨሩን እንደገና ጭናችሁ እንደሆነ አልጠይቅም፤ ያንን ሁሉም ዲጄ ያውቀዋል። የምጽፈው ከዚያ ሁሉ በኋላም ስለማይለቅ ችግር ነው፤ መሣሪያው ደኅና ሆኖ የዲጄ ፕሮግራሙ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲከለክል። አዲስ አበባ ውስጥ የዲጄ ላፕቶፕና ኮንትሮለር (ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ዘፈን የሚቀላቀልበትን መሣሪያ) ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ዕቃ ብዙው አንድ ብሎን እንኳን ሳይፈታ ነው የሚመለሰው።

ምልክት፦ ኮንትሮለሩ አዲስ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለት ዴክ (የዘፈን ማጫወቻ) ብቻ ይሰጣል፣ መቅጃውም የለም

ምክንያቱ አብሮ የመጣው ነፃው ስሪት መሆኑ ነው። በኮንትሮለሩ ስም ላይ ያለው «ፕሮ» የሚል ቃል ስለ ፕሮግራሙ ፈቃድ ምንም አይናገርም። ኑማርክ ሚክስትራክ ፕሮ ኤፍኤክስን የገዛ ሰው የሚያገኘው ሴራቶ ዲጄ ላይት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ወደ ሴራቶ ዲጄ ፕሮ ለማደግ ለብቻው ይከፍላል። ፓዮነር ዲዲጄ ኤፍኤልኤክስ 4 ሲሰካ ሬኮርድቦክስ የሚባለውን የፓዮነር ፕሮግራም የማጫወቻ ክፍል ያለ ክፍያ ይከፍታል፤ ያው ኮንትሮለር በሴራቶ በኩል ግን ላይቱን ብቻ ይሰጣል። ዲዲጄ ኤስኤክስ 3 ደግሞ ሙሉውን ሴራቶ ዲጄ ፕሮ ይዞ ይመጣል። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ ልዩነት ለዓይን አይታይም።

አንድ ወጣት ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ያገለገለ ኮንትሮለር ገዛ። ሻጩ «ሙሉ ነው» ብሎ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ አራቱንም ዴክ አሳይቶታል። ሙሉ የነበረው ግን የላፕቶፑ ፈቃድ ነበር፤ ላፕቶፑም ከሻጩ ጋር ቀረ። እንዲህ ያለ ሻጭ ያናድደኛል፤ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃልና።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ነው። የፕሮግራሙ አምራች በድረ ገጹ ላይ ካወጣው የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ሞዴሉን ፈልጉ፤ ከዚያም በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ በኮንትሮለር የተከፈተ ፈቃድ የሚቆየው ያ ኮንትሮለር እስከተሰካ ድረስ ብቻ ነው። ቤት ሲሠራ የነበረው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ የሌላ ሰው ኮንትሮለር ላይ ሲሰካ የሚቆለፈው ለዚህ ነው።

ምልክት፦ የገዛሁት የፈቃድ ቁልፍ ሬኮርድቦክስን ካሳደግሁ በኋላ አልሠራም አለ

የስሪት 5 ቁልፍ አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 6 ወደ ወርሃዊና ዓመታዊ ክፍያ ዞረ፤ የ5 ቁልፍ በ6 ላይ አይሠራም። የከፈላችሁበት 5 የሚበቃችሁ ከሆነ አታሳድጉት። ወደ ክለብ የምትሄዱት ፍላሽ ይዛችሁ ከሆነና እዚያ ያለው ማጫወቻ ፍላሹን የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ምንም መክፈል የለባችሁም፤ ዘፈን አዘጋጅቶ ወደ ፍላሽ መላኪያው ክፍል ነፃ ነው። ይህን ሳያውቁ በየወሩ የሚከፍሉ ሰዎች አግኝቻለሁ።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በዝግጅቱ ቀን ተቆለፈ

ይህ ነው በተደጋጋሚ የሚመጣብኝ፤ በተለይ በጥር፣ በሠርግ ወቅት።

ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፕሮግራሙ በወር የሚከፈልበት ነው። ዲጄው እዚህ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም አብሮ አደግ በራሱ ካርድ ይከፍልለታል። ችግሩ እዚህ ላይ አይደለም፤ ወንድም ለወንድሙ ቢከፍል መልካም ነው። ችግሩ መለያው የተከፈተው በከፋዩ ኢሜይል መሆኑ ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው እሱ ጋር ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ እሱ ስልክ ነው፤ «ክፍያዎ አልተሳካም» የሚለው ማስጠንቀቂያም የሚደርሰው ለእሱ ነው። ከሰባት መቶ ማስታወቂያ መካከል ማን ያየዋል?

አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ሙሽሮቹ ፎቶ ጨርሰው ወደ አዳራሹ እየመጡ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ ሳጥን የይለፍ ቃል ትጠይቃለች። ወንድሙ ያለው ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል። ዲጄው ደጋግሞ ደወለ፤ እናትየው ሁሉ ደወሉ። በኋላ እንደታወቀው ባንኩ ካርዱን በአዲስ ተክቶለት የካርዱ ቁጥር ተለውጦ ነበር፤ ዕድሳቱ ሳይከፈል ቀርቶ ፕሮግራሙ ለጥቂት ቀናት ታግሶ ያን ቀን ዘጋ። ስደርስ የዲጄው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሙሽራው አጎት ከኋላው ቆመው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ፍላሼ ላይ ሚክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሁልጊዜ እይዛለሁ፤ ጫንኩት፣ የዘፈኖቹን ማህደር አሳየሁት፣ ኮንትሮለሩን ከዝርዝሩ ውስጥ መረጥኩ። ሙሽሮቹ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዘፈኑ ተነሣ።

እንግዲህ መፍትሄው፦

መለያውን በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ ስልክ ክፈቱ፤ ዘመድ የሚያስገባው የካርዱን ቁጥር ብቻ ይሁን። አሁን በእሱ ኢሜይል ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሩ፤ ሰውየው ነቅቶ፣ ተረጋግቶ፣ ስልኩ በእጁ ሳለ። ካርዱ የሚያበቃበትን ወር ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደውሉለት። ከዝግጅት ሁለት ቀን በፊት ፕሮግራሙን በኢንተርኔት ክፈቱና ፈቃዱን እንዲያጣራ አድርጉ፤ ቀጥሎ ዋይፋዩን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት፤ አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። ሚክስንም ቀድማችሁ ጫኑና ከኮንትሮለራችሁ ጋር ሞክሩት፤ የሴራቶን የዘፈን ዝርዝር ማንበብ ይችላል። በድንገተኛ ሰዓት መጫን እኔ አንዴ ተሳክቶልኛል፤ እናንተ በዚያ አትተማመኑ።

እባካችሁ የነፃ ሙከራውንም ተጠንቀቁ። ካርድ አስገብታችሁ የጀመራችሁት ሙከራ ካልሰረዛችሁት በራሱ ወደ ክፍያ ይገባል፤ የሚቆረጠውም ከዘመዳችሁ ነው። በዚህ የተነሣ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ምልክት፦ ኢንተርኔት አለ፤ ፕሮግራሙ ግን «ከአገልጋዩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ይላል

ሁለት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው የድሮ ኃጢአት ነው፦ ቀደም ሲል በላፕቶፑ ላይ የተሰበረ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተደረገ)፣ በየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጥ ስሪት ተጭኖ ነበር። ሰባሪው ፕሮግራሙ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ሲል የአምራቹን አድራሻ ላፕቶፑ ውስጥ ይዘጋዋል። ከዓመት በኋላ ባለቤቱ በሐቅ ከፍሎ ሲገዛ በሩ እንደተዘጋ ነው። ላፕቶፑን ፎርማት ሳያደርግ ሦስት ጊዜ ፕሮግራሙን አጥፍቶ የጫነ ሰው መጥቶልኛል፤ ፕሮግራሙን ማጥፋት ያንን መዝጊያ አያነሣውም።

በዊንዶውስ ላይ እንዲህ አድርጉ። ኖትፓድን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ክፈቱ። በሲስተም 32 ሥር ድራይቨርስ፣ በእሱም ሥር ኢቲሲ የሚባል ማህደር አለ፤ ውስጡ ያለውን ሆስትስ የሚባል ፋይል ክፈቱ። በ127.0.0.1 ጀምሮ የፕሮግራሙን አምራች ስም የያዘ መስመር ካለ ሰርዛችሁ አስቀምጡ። ሌላውን አትንኩ። ፋየርዎሉ (የላፕቶፑ የኢንተርኔት ግንኙነት መከላከያ) ውስጥም በፕሮግራሙ ስም የተጻፈ የእገዳ ደንብ ካለ አጥፉት። ከዚያ በፊት ግን ላፕቶፑን በጸረ ቫይረስ ፈትሹ፤ የተሰበረ ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ የሰዓት ባትሪው ሲያልቅ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይስታል። አንዳንዱ ደግሞ ሲያስተካክል ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገባል፤ 2025 መባል ሲገባው 2017 ብሎ። ያኔ የአምራቹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ለላፕቶፑ ገና ያልወጣ ይሆንበትና ግንኙነቱን ይከለክላል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሰዓት ቀጠናውን በአዲስ አበባ አድርጉ፤ ባትሪውን ቀይሩ።

ምልክት፦ ርካሽ ነው ብዬ የገባሁበት ፕሮግራም ገቢዬን እየበላ ነው

ዋጋው በዶላር መሆኑን አትዘንጉ። ቨርቹዋል ዲጄ ያለ ኮንትሮለር በቤት ለመለማመድ ነፃ ነው፤ ለሥራ ሲሆን በወር 19 ዶላር፣ ወይም አንዴ 299 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ወርሃዊው 1,083 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር 130 ብር ገደማ ሲደርስ ያው 19 ዶላር 2,470 ብር ሆነ። ማንም ዋጋ አልጨመረም፤ ክፍያው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንዴ የሚከፈለው በ16ኛው ወር ላይ ከወርሃዊው ይረክሳል፤ በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት እቆያለሁ የሚል ሰው ቢበደርም አንዴ ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ትራክተር የሚባለው የዲጄ ፕሮግራምም አንዴ የሚገዛ ነው፤ አዲስ ትልቅ ስሪት ሲወጣ ግን ለማሳደግ እንደገና ይከፈላል።

ላፕቶፕ ስትሸጡ ፈቃዱን መጀመሪያ ከመለያችሁ ላይ አላቅቁ፤ የሚፈቀደው የኮምፒውተር ቁጥር ውሱን ነው። በሸክላ ለመጫወት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥቅል ለብቻው ሊሸጥ ይችላል። የፕሮግራም ፈቃድ ዘፈኑን በአደባባይ የማጫወት ፈቃድ አይደለም፤ ያንን የሚመለከተው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ምልክት፦ መቅጃውን ስጫን አይሠራም፤ ፈቃዴ ሙሉ ነው

ዴኩ ላይ ያለው ዘፈን በወር ከሚከፈልበት የኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎት የመጣ ነው። ሴራቶ እንዲህ ያለ ዘፈን ሲጫን መቅዳት አይፈቅድም፤ የአገልግሎቶቹ ውል ነው የሚከለክለው። የሠርጉን ቅጂ ለቤተሰቡ ቃል ከገባችሁ ዘፈኖቹን ገዝታችሁ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ፤ ከዋዜማው በፊት አንድ በአንድ ከፍታችሁም ሞክሯቸው።