በኮምቦልቻና በደሴ ከፍታ ቫኪዩም ፓምፕን ከጋዝና ከተን ጋር በጥንቃቄ ማሠራት

በፋብሪካዎቻችን ወደ ቫኪዩም ፓምፕ (ከዝግ ታንክ አየር ስቦ ወደሚያወጣው ማሽን) የሚገባው ሁሉ በልማድ «ጋዝ» ይባላል፤ የብዙ ብልሽትና የአንዳንድ አደጋ መነሻም ይኸው አጠራር ነው። እንደ አየርና እንደ ናይትሮጅን ያለው ጋዝ በፓምፑ ውስጥ ቢታመቅም ጋዝ እንደሆነ ይወጣል። የውሃ፣ የአልኮል ወይም የአሴቶን ተን ግን ሲታመቅ ወደ ፈሳሽነት ይመለስና ከፓምፑ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ የማለስለስ አቅሙን ያጣል፣ ብረቱም ይዝጋል። ስለዚህ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት የሚሳበው ነገር ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ተን እንዳለበትና ተኑ የሚቀጣጠል መሆን አለመሆኑ በጽሑፍ መታወቅ ይኖርበታል።

ጠርሙስ መሙያንና እርጥብ ቆዳ ማድረቂያን በመሳሰሉ ብዙ ውሃ በሚመጣባቸው ሥራዎች በውሃ ቀለበት የሚሠራው ፓምፕ ይመረጣል። በውስጡ የሚሽከረከረው ውሃ ራሱ ማሸጊያ ስለሆነ የሚመጣውን ተን ተቀብሎ ያቀዘቅዘዋል። አቅሙ ግን በውሃው ሙቀት ይወሰናል፤ ፓምፑ ከውሃው የተን ግፊት በታች መውረድ አይችልምና፤ የ15 ዲግሪ ውሃ የራሱ የተን ግፊት 17 ሚሊባር ያህል ሲሆን የ30 ዲግሪው 42 ሚሊባር ይደርሳል። በቆላው አየር ውሃው እየሞቀ ሲመላለስ ፓምፑ የራሱን ውሃ ማፍላት ይጀምራል፣ ጠጠር የገባበትም ይመስል ይንኳኳል። ይህ ድምፅ ሲሰማ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ወይም በመግቢያው በኩል ጥቂት አየር ማስገባት ያስፈልጋል። ፓምፑን ያለ ውሃ ማሽከርከር በፍጹም አይገባም።

በዘይት የሚሠራው ፓምፕ ተንን የሚችለው በጋዝ ባላስት ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ጌዴ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ በመታመቅ ላይ ወዳለው ተን በትንሽ ቫልቭ አየር ያስገባል፤ በተጨመረው አየር ምክንያት የመውጫው ቫልቭ ቀድሞ ስለሚከፈት ተኑ ፈሳሽ ለመሆን ጊዜ ሳያገኝ ይወጣል። ይሁን እንጂ ባላስቱ በቀዝቃዛ ፓምፕ ላይ ብዙም አይረዳም። የመሳቢያው ቫልቭ ተዘግቶ፣ ባላስቱ ተከፍቶ ፓምፑ ለ30 ደቂቃ ያህል መሞቅ አለበት፤ ዘይት በሚወፍርበት በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ይህን ጊዜ ማሳጠር ተገቢ አይደለም። ባላስቱ ሲከፈት የቫኪዩሙ ጥልቀት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ባላስቱን የሚዘጉ ኦፕሬተሮች ከጥቂት ቀናት በኋላ በማያ መስታወቱ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ዘይት ያገኛሉ።

ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ስለማንበብ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ድካም በከንቱ ሲያልፍ አይቻለሁና። ተራ የቫኪዩም ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት በታች ያለውን ልዩነት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 0.81 ባር ያህል ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋው ደሴ 0.75 ባር አካባቢ ትሆናለች። ስለዚህ የጤናማ ፓምፕ ጌጅ ኮምቦልቻ ላይ ከ-0.8 ባር፣ ደሴ ላይ ከ-0.75 ባር ብዙም አያልፍም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ መርፌው -1 ላይ አልደርስ ስላለ ደህና የነበረ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ተፈታ። ፍጹማዊ ግፊትን፣ ማለትም ከአካባቢው አየር ሳይሆን ከፍጹም ባዶነት ተነሥቶ የሚቆጠረውን ግፊት፣ የሚያነብ ጌጅ መግጠም ይህን ግራ መጋባት ያስቀራል። ሞተሩም ቢሆን አቅሙ በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ስለሆነ፣ ሳሳ ባለው በእኛ አየር የማቀዝቀዣ ክንፎቹን ከአቧራ ማጽዳት የግድ ነው።

ተኑ የሚቀጣጠል ከሆነ በባላስቱ በኩል አየር ማስገባት በፓምፑ ውስጥ ፈንጂ ድብልቅ መፍጠር ነው፤ በአየር ምትክ ናይትሮጅን ይገባል፣ ፓምፑና ሞተሩም ለእንዲህ ያለ ተን ተብለው የተሠሩ መሆን አለባቸው። የመውጫው ቱቦ ከብየዳና ከእሳት ርቆ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ አይዘጋም፣ አይጠብም፣ በውስጡ የሚጠራቀመው ፈሳሽም ወደ ፓምፑ እንዳይመለስ በዝቅተኛው ቦታ ማጠራቀሚያ ይደረግለታል። ናይትሮጅን በዝግ ክፍል ውስጥ ከተለቀቀ ያለ ሽታና ያለ ማስጠንቀቂያ ሰው ስለሚገድል ክፍሉ አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። በተራ ማዕድን ዘይት በሚሠራ ፓምፕ ከአየር የበለጠ ኦክስጅን ያለበትን ጋዝ መሳብ ፍንዳታ ያስከትላል፤ ለዚህ ፍሎሪን ያለበት ልዩ ዘይት የተሞላና ለኦክስጅን የተዘጋጀ ፓምፕ ብቻ ይፈቀዳል።

መብራት ሲቋረጥ የቆመው ፓምፕ ዘይቱን አየሩ ወደሚሳብበት ታንክ ሊያስመልስ ስለሚችል በመሳቢያው መስመር ላይ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ መኖር አለበት፤ ማብሪያውም መብራት ሲመጣ ሞተሩ በራሱ እንዳይነሳ ይጥፋ። የሦስት ፌዝ መስመር ከተነካካ በኋላ፣ ፓምፑ ከታንኩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት፣ የሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ ለአፍታ ብቻ በማስነሳት ይፈተሻል። ሥራው ሲያበቃ መሳቢያው ተዘግቶ ፓምፑ በባላስት ሌላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይሠራል፤ በዘይቱ ውስጥ የቀረው ተን የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። አሴቶን ወይም አልኮል የሳበ ዘይት ሲቀየር ከጋራዥ አሮጌ ዘይት ጋር አይቀላቀልም፤ ተኑ ሊቀጣጠል ስለሚችል ምልክት በተጻፈበት፣ ክዳን ባለው በርሜል ለብቻው ይቀመጣል፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድ ቦይም አይደፋም።