ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር ከመሰካትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስፒከር ያጉመተምታል ተብዬ ስጠራ፣ ገና ከበር ሳልገባ የሚነገረኝ የአምፕሊፋየሩ ዋጋ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ሶኬቱን ነው።

ሶኬቱን በመልኩ ማመን

አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ በቆዩ ቤቶች፣ ሶኬቱ ግራና ቀኝ የኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ) ብረት ይኖረዋል፤ ከኋላው ግን ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ የለም። ባለ ሦስት እግር አምፕሊፋየር እዚህ ላይ ሲሰካ የአምፕሊፋየሩ ብረት ይነዝራል። ምክንያቱም በውስጡ ያሉት የጫጫታ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ከመብራቱ ወደ ብረቱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ መውረጃ ስለሌለው ብረቱ ወደ 110 ቮልት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰው ለምዶት «ትንሽ ትነዝራለች» ብሎ ያልፈዋል። የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ ግን ያችው ትንሽ ኤሌክትሪክ የቴሌቪዥኑን መሰኪያ ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ገመዶችን የምናገናኘው ሁሉም መሣሪያ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላ ነው።

ኒውትራልን ከኧርዝ ጋር ሶኬት ውስጥ ማሰር

በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም። መንዘሩን እንዲያጠፋ የተጠራው ሰው ሶኬቱን ይፈታል፣ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) አጭር ሽቦ ስቦ ከኧርዙ ብረት ጋር ያስራል፣ መልሶ ይገጥማል። መንዘሩ ይቆማል። በመልቲሜትር ቢለካ እንኳ በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኧርዙ መካከል 220 ቮልት ያሳያል። ባለቤቱ አመስግኖ ይከፍላል።

ይህ ሥራ ሰው ይገድላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን በሶኬቱና በዋናው ሳጥን መካከል ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ ሙሉው 220 ቮልት አምፕሊፋየሩ ብረት ላይ ይወጣል፤ ብሬከሩም አይወርድም። ይህን ሽቦ የፈታሁበት አንድ ቤት ውስጥ አምፕሊፋየሩ የተቀመጠው ዝቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ያንኑ መደርደሪያ እየያዘ ይነሣ ነበር። ለድምፁም ቢሆን አይበጅም፤ በኒውትራሉ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ጫጫታ በብረቱ በኩል ወደ ድምፅ ገመዱ ይገባል። ትክክለኛው መፍትሔ መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግና ከእርሱ እስከ እያንዳንዱ ሶኬት የሚደርስ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሕንፃው ኧርዝ የት እንዳለ ኮሚቴውን ይጠይቁ። መልቲሜትር ብቻውን ስለማይበቃ፣ ሥራው ሲያልቅ ሶኬቱ ተከፍቶ ይታይዎት።

ጉምጉምታን ለማጥፋት የኧርዝ እግር የሚቆርጡም አሉ። አይቁረጡ። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ፈትተው ያዳምጡ፤ ጉምጉምታው ከጠፋ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ በድምፅ መስመሩ ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር (ድምፁን እያሳለፈ የሽቦዎቹን ቀጥታ ግንኙነት የሚቆርጥ) ማስገባት ይበቃል።

ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር መሰካት

አንዲት እናት «ልጄ፣ ይኼ ማሽን እንጀራ ስጋግር ነው የሚያኮርፈው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በበራና በጠፋ ቁጥር በዚያው መስመር ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሳሎን ያለው ስታብላይዘርም እየተከተለ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዋናው ሳጥን ለሳሎን የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ሲዘረጋላቸው ቅሬታው አበቃ።

ስታብላይዘር ሁሉን ይችላል ብሎ ማሰብ

ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ ጫጫታ ማጣራት ሥራው አይደለም። በላዩ የተጻፈው የቪኤ (ቮልት-አምፔር) ቁጥርም ዋት አይደለም፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ደግሞ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሰፋ ያለውን ይግዙ። ከሁሉ የሚከፋው የሰፈሩ ኒውትራል ሲበጠስ ነው፤ ያኔ የእርስዎ ቤት መብራት ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ነው። በዋጋ ከስታብላይዘሩ ያንሳል፤ መጀመሪያ የሚገዛውም እርሱ ነው።

ርካሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ሞገዱ የተቆራረጠ ስለሆነ ስፒከሩን ያንጫጫል፤ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚለውን ይፈልጉ።

ከአሜሪካ የመጣውን ዕቃ ጀርባ አለማንበብ

ጀርባው ላይ 100–240 ከተጻፈ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ያቃጥሉታል። ትራንስፎርመር ግን የመብራቱን ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ወደ 60 አይቀይርም፤ ሲንክሮነስ ሞተር (ፍጥነቱ ድግግሞሹን የሚከተል) ያለው የሸክላ ማጫወቻ ዘፈኑን በአንድ ስድስተኛ አዘግይቶ ይጫወታል።

በክረምት ስፒናውን ብቻ መንቀል

ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰው ስፒናውን ይነቅልና የዲሹን ኬብል እንደተሰካ ይተዋል። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ከዚያ ኬብል ጋር ነው የተያያዘው፤ ኬብሉ ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ፣ ቴሌቪዥኑ ከአምፕሊፋየሩ። መብረቅ ሳይቀርብ ሁለቱንም ይንቀሉ፤ ኢንተርኔትዎ በስልክ ሽቦ የሚገባ ከሆነ እርሱንም ከሞደሙ ያላቅቁ።