የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ፈተና ደርሷል? መጽሐፉን ዝጉና ሉካንዳ ሂዱ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ለመጀመሪያው የአናቶሚ (የአካል ክፍሎች ቅርጽና ቦታ ትምህርት) ሚድ ስገባ ስላይዱን ሦስት ጊዜ ጨርሼው ነበር። ግማሹ በቢጫ ማርከር ተለቅልቋል። ፈተናው ላይ ታዲያ መልሱ ያለበት ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፣ ከላይ በስተቀኝ በኩል መሆኑ ሳይቀር ትዝ ይለኛል፣ ቃሉ ግን የለም። ደጋግማችሁ ስታነቡ የምታውቁት ይመስላችኋል፤ የለመዳችሁት ግን መልኩን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ርዕስ አንብቡ፣ ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት ላይ ሳሉት። ስዕል አልችልም አትበሉ፣ የኔ ኩላሊት ድንች ነበር የሚመስለው። ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉ። ነገ የምታጠኑት ቀዩን ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ከባዶ ወረቀት ጀምሩ። ያማል፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ።

ደሴ ውስጥ ሉካንዳ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ጾም ቢሆንም እንኳ የሙስሊም ሉካንዳ ክፍት ነው። አንድ የበግ ልብ ግዙ። እንደኛው አራት ክፍልና አራት ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ክዳን) አለው። ዋናው ነገር የደም ቧንቧዎቹ እንዳይቆረጡ መለመን ነው፣ ባለሉካንዳዎች ከላይ ያለውን አጽድተው መስጠት ይወዳሉና። እኔ «ጋሼ፣ ልቡን ከነቧንቧው ይስጡኝ፣ ለትምህርት ነው» ስላቸው ሰውየው ቢላቸውን አስቀምጠው «እናትህ ልብ ግዛ ስትልህ እዚህ መጣህ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሁን። ልብ ገዛሁ።

ቤት ስትገቡ ሳትቆርጡት በፊት በእጃችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ለስለስ ያለው ጎን ቀኝ ነው፣ ጠንከር ያለው ግራ። የግራው ቬንትሪክል (ደም ገፍቶ የሚያስወጣው የታችኛው ክፍል) ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ለምን? ቀኙ ደም የሚልከው እዚሁ ጎረቤት ወዳለው ሳንባ ነው፣ 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይበቃዋል። ግራው ግን እስከ እግር ጣት መላክ አለበት፣ ለዚያ 120 ያህል ያስፈልጋል። ይህን አንዴ በጣታችሁ ካወቃችሁት ፈተና ላይ ግራና ቀኙ አይምታታባችሁም።

ቀጥሎ እርሳስ ውሰዱና በእያንዳንዱ ቧንቧ አስገቡ። ወፍራም ግድግዳ ወዳለው ክፍል የወረደው አኦርታ ነው፣ ደም ወደ መላ አካል የሚወስደው ትልቁ ቧንቧ። ከፊት ለፊት ያለው፣ ወደ ቀኙ ቬንትሪክል የሚወርደው ደግሞ ፐልሞናሪ አርተሪ፣ ደም ወደ ሳንባ የሚወስደው። አሁን በስለት ከግራ አትሪየም (ከላይኛው ክፍል) እስከ ታች ጫፍ ሰንጥቁት፣ የረጋውን ደም በውሃ እጠቡት። ነጫጭ ክሮች ታያላችሁ፣ ስፌት ክር የመሰሉ። ኮርዴ ቴንዲኔ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከታች የተያያዙበትን የጡንቻ ጉብታ ያዝ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ክሩ ይወጠራል፣ የቫልቩ ክዳንም ወደ ኋላ መገልበጥ ያቅተዋል። እኔ ይህን እስካይ ድረስ ክሮቹ ቫልቩን ስበው የሚከፍቱት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የሚከፍተው የደሙ ግፊት ነው፣ ክሮቹ ሥራቸው እንዳይገለበጥ መያዝ ብቻ ነው። ይህች ጥያቄ ፈተና ላይ ትወጣለች፣ ብላችኋለሁ።

ጓንት አድርጉ፣ ስትጨርሱም እጃችሁንም ስለቱንም በሳሙና እጠቡ። የእናታችሁን የወጥ ቤት ቢላዋ አትንኩ፣ ጠብ ውስጥ ትገባላችሁ።

አናቶሚው በእጅ ይያዛል፣ ፊዚዮሎጂ (አካሉ እንዴት እንደሚሠራ) ግን ወሬ ነው። እንደ ወሬ ካላወራችሁት አይገባም። እኔ በቡና ሰዓት ለእናቴ ነበር የማወራው። ደም ግፊት አለባት፣ የሚያሸና ኪኒን ትወስዳለች። አንድ ቀን አቦሉን እየቀዳች «ሕመሙ ግፊት ሆኖ ይሄ ኪኒን እኔን ሽንት ቤት ምን ያመላልሰኛል?» አለች። ጀመርኩ። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል አልኳት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን ዘጠኝ። እንደ ሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው፣ ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። ጨው ሲመለስ ውሃም ተከትሎት ይመለሳል። ኪኒኑ ጨው ከሚመለስባቸው በሮች አንዱን ይዘጋል፤ ጨው ወጣ፣ ውሃም አብሮት ወጣ፣ በደም ሥር ያለው ፈሳሽ ቀነሰ፣ ግፊቱም ወረደ። «ጨው ቀንሺ የሚሉኝ ለዚህ ነዋ!» አለች።

እዚህ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ቶናው ላይ ግን «መልሶ ለሚያስገባው ነገር ምን አስወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። የሆነ ስላይድ ላይ ጽፈውት ነበር፣ እኔ ግን ሸምድጄ አልፌዋለሁ። ማታ ሄጄ ፈለግኩት። ኩላሊት እንደ ቁም ሳጥን ጽዳት ነው የሚሠራው። ትንንሹን ነገር ሁሉ ያወጣና የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ይመልሳል፤ ያልተመረጠው፣ የማያውቀው መርዝ ጭምር፣ በዚያው ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ኔፍሮን (የኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያ) ተሳስቼ አላውቅም። ቡና የምታፈላ እናት አጠገባችሁ ከሌለች ለዶርም ጓደኛ አውሩ፣ ግን «ለምን?» የሚል ይሁን፣ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው አይጠቅምም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይል የለ? ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር የውጭው አየር ግፊት ይጨምርና ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ምራቅ ስትውጡ ዩስታኪያን ቲዩብ (መሃከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ) ይከፈታል፣ አየር ወደ መሃከለኛው ጆሮ ይገባል፣ «ጧ» ብሎ ይለቃችኋል። በዚያው ታክሲ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፦ ደሴ ላይ ኦክስጅን ያንሳል ሲባል ምኑ ነው የሚያንሰው? መቶኛው አይደለም፣ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ያህል ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። እውነት ወይስ ሐሰት ውስጥ ስንቱን ሰው የበላች ናት።

ስለ አጥንት ብዙ አልልም። 206 ናቸው፣ አብዛኛውን የራሳችሁ ገላ ላይ እየዳሰሳችሁ ጥሩ። ስፖት ፈተና (የተቀመጠውን አካል እያያችሁ ስሙን የምትጽፉበት) ላይ ግን አጥንቱ ስዕሉ ላይ እንዳለው ዞሮ አይጠብቃችሁም። የጭን አጥንት ከሆነ ኳስ የመሰለው ራሱ ወደ ውስጥ፣ ከጀርባው ያለው ሸንተረር ወደ ኋላ ይዙር፤ ከዚያ የራሳችሁ ጭን ላይ ለኩትና ግራ ወይም ቀኝ ብላችሁ ጻፉ። ስሙን ጽፎ ጎኑን የረሳ ሰው ግማሽ ማርክ ነው የሚያገኘው። እኔን ያዩ።