የኤሌክትሪክ መኪና ከውጭ ለማስገባት፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የነዳጁን ነገር እርሱት። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ዱባይ ያለ ዘመድ «አሪፍ ላንድክሩዘር አገኘሁ» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉት።

ሞዴል ስትመርጡ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩትን ምረጡ። የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ወይም የቻይናው ቢዋይዲ ቢበላሽ የሚነካካው መካኒክ አይጠፋም። ብርቅዬ ሞዴል ይዞ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ግን የራስ ምርጫ ነው።

ከዚያ ሻጩን ሁለት ፎቶ ጠይቁት። አንደኛው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በኤል ከጀመረ መኪናው ቻይና የተሠራ ነው፤ ዱባይ ቢቆምም ያው ነው። ሁለተኛው ቻርጅ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። ለቤት ቻርጀር አንድ፣ ለፈጣኑ ሌላ፣ ሁለት የተለያዩ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና የቻርጅ መሰኪያ ነው። ከላይ ሰባት ቀዳዳ ያለው ክብ፣ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ቀዳዳ ተያይዞ ከመጣ ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለው የአውሮፓ መሰኪያ ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም። የቤት ቻርጀሩን ከመኪናው ጋር አብራችሁ ግዙ። የስክሪኑን ቋንቋም ጠይቁ፤ ሁሉ ነገር በቻይንኛ ተጽፎ የሚመጣ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው ሻጩ በነገራችሁ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣ ኪራዩ ይደመርበታል። የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና ባወጣው መመሪያ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል የተበታተነው 5 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚመጣው ዜሮ ነው። እንበል መኪናው 20,000፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ 2,500 ዶላር ቢሆን፣ 15 በመቶው የሚሰላው በ22,500 ላይ ነው፤ 3,375 ዶላር ይመጣል። ይህ ወደ ብር የሚመነዘረው ደግሞ መኪናውን በገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሰጠው የዕቃ መግለጫ) በሚቀርብበት ጊዜ ባለው ተመን ነው። ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ በመሀል ሊጨምር ይችላል። መጠባበቂያ ብር ያዙ።

«ኢንቮይሱን አሳንሰን እንጻፈው» የሚል ደላላ አይጠፋም። አትስሙት። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ ያቀረባችሁትን ካላመነበት በራሱ ያሰላዋል። ክርክሩ እስኪያልቅ መኪናው ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል። ክፍያችሁን በባንክ አድርጉ፣ ወረቀቱንም አስቀምጡ። ትራንዚተራችሁ፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳዩን የሚጨርስላችሁ ወኪል፣ ደግሞ ቀረጡን፣ የወደቡን፣ የጭነቱንና የራሱን አገልግሎት ክፍያ መስመር በመስመር በጽሑፍ ይስጣችሁ። «በጠቅላላው ይህን ያህል አካባቢ ነው» የሚል ትራንዚተር በኋላ ሌላ ሂሳብ ይዞ ይመጣል። መመሪያውም የሚለዋወጥ ስለሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ተመኑን ከጉምሩክ አረጋግጡ።

ከጅቡቲ በጭነት መኪና ይምጣ፣ በጎማው አይነዳ። ልትረከቡ ስትሄዱ ከሌላ መኪና ባትሪ ማስነሻ ኬብል ያዙ። ትልቁ ባትሪ ቻርጅ ቢኖረውም ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ወር ሙሉ ቆማ ልትሞት ትችላለች፤ ያኔ በሩም በሪሞት አይከፈትም።

ምርመራ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ሊብሬና ሰሌዳ እንደማንኛውም መኪና ነው። በጠዋት ሂዱ።