ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ለሚደረግ የቤተሰብ የመርከብ ሽርሽር የጉዞ መስመር እንዴት ይመረጣል?

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ሲና ተነሥቶ ወደ አላስካ ወይም ወደ ኖርዌይ የመርከብ ሽርሽር የሚሄድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ውጭ አገር በሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ጋባዥነት ነው። ጋባዡ በቅናሽ ያገኘውን ትልቅ መርከብ ፎቶግራፍ ይልካል፤ ልጆቹም በመርከቡ ላይ ያለውን መዋኛና መጫወቻ አይተው ልባቸው ወደዚያው ይሄዳል። ምርጫው ግን ከመርከቡ መጀመር የለበትም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ቤተሰብ ከመርከቡ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም መስመሩ በስንት አገር ድንበር ያሳልፋል የሚለውና በየትኛው ወር ይደረጋል የሚለው ናቸው። ሁለቱ ሲመለሱ በእጅ የሚቀሩት መስመሮች በጣም ጥቂት ስለሚሆኑ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ይቀላል።

በመጀመሪያ ወደቦቹን ከቪዛ አንጻር ማንበብ

እያንዳንዱ የመርከብ ኩባንያ መርከቡ በየቀኑ የሚያርፍባቸውን ወደቦች ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጦ በእያንዳንዱ ወደብ አጠገብ የአገሩን ስም መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አላስካ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ብዙ ሰው የአሜሪካ ቪዛ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ስለሚከለክል፣ ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ሲያትል የሚመለስ መርከብ በመንገዱ ላይ የግድ አንድ የውጭ አገር ወደብ ይነካል። ይህም ብዙውን ጊዜ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ናት። መርከቡ በዚያ የሚቆየው ለጥቂት የምሽት ሰዓታት ቢሆንም እንኳ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል። ከቫንኩቨር ለሚነሣው መስመርም እንዲሁ የሁለቱም አገሮች ቪዛ ግድ ነው። በተጨማሪም ከካናዳ ወደ አሜሪካ ተመልሶ መግባት ስለሚኖር በአሜሪካው ቪዛ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ብዛት አንድ ጊዜ መሆኑንና አለመሆኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ይህን የሚመለከተው ደንብ ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት በሄደ ዘመድ ወሬ መተማመን አይበቃም። የጋባዡ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለጋባዡ ብቻ ነው።

የኖርዌይ መስመር በዚህ ረገድ ይቀላል። ከሐምቡርግ፣ ከኪል፣ ከኮፐንሃገን ወይም ከበርገን የሚነሣ መርከብ የኖርዌይን ፊዮርዶች፣ ማለትም በገደላማ ተራሮች መካከል ወደ ምድር ዘልቀው የገቡትን ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ ብቻ ጎብኝቶ የሚመለስ ከሆነ ጉዞው በሙሉ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚቀበሉት በአንድ የሸንገን ቪዛ ያልቃል። ያው መስመር ከእንግሊዝ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን ሲነሣ ግን የእንግሊዝ ቪዛ ይጨመርበታል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ስቫልባርድ የኖርዌይ፣ ግሪንላንድና የፋሮ ደሴቶችም የዴንማርክ ግዛቶች ቢሆኑም ከሸንገን ክልል ውጭ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን የሚነካ መስመር ከክልሉ ወጥቶ ተመልሶ መግባትን ስለሚያመጣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቃል። አይስላንድ ግን በክልሉ ውስጥ ናት።

በእኔ ግምት ምንም ዓይነት ቪዛ በእጁ የሌለ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው በሸንገን ወደብ ተነሥቶ በሸንገን ወደብ የሚያልቀውን የኖርዌይ መስመር ነው። ጋባዡ በአሜሪካ የሚኖርና የቤተሰቡም የአሜሪካ ቪዛ ቀድሞ የወጣ ከሆነ አላስካ ይሻላል።

ወሩን ከትምህርት ቤትና ከጾም ጋር ማስማማት

የአላስካ የመርከብ ወቅት ከሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ የሚዘልቅ ሲሆን የኖርዌይ ፊዮርዶችም በብዛት የሚጎበኙት በዚሁ ጊዜ ነው። የእኛ ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በክረምት በመሆኑ ሁለቱ በደንብ ይገጥማሉ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ግን የፈተናው ቀን በይፋ ሳይታወቅ ቲኬት መቁረጥ የለበትም።

ከዚህ የሚጠበው የጾሙ ጉዳይ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን፣ በአውሮፓውያን ጁላይ 12 ይፈታል፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያሉት ከሦስት ሳምንት በላይ የሚሆኑ ቀናት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ፍስክ ናቸው። ሰባት ሌሊት የሚፈጅ መስመር በዚህ መካከል በቀላሉ ይገባል። ፍልሰታን ሱባኤ ለምትይዝ አያት በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ቲኬት መቁረጥ ምን ያህል ደስታ እንደሚቀንስ በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዞው በግድ ከጾም ጋር ከተጋጨም መርከብ ላይ መጾም አይቻልም ማለት አይደለም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት ምግብ ሲያዝዙ ዓሣም እንደማይፈለግ ለይቶ ጽፎ ቦታ በሚያዝበት ጊዜ ለኩባንያው ማሳወቅ ነው።

በሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜን ብርሃን ለማየት ልባቸው የተነሣሣ ልጆች ካሉ ቀድሞ እውነቱን መንገር ይሻላል። ብርሃኑ የሚታየው ሰማዩ ሲጨልም ሲሆን ወቅቱም በአመዛኙ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው፤ ያ ደግሞ የትምህርት ጊዜ ነው። በበጋቸው ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከሜይ 20 እስከ ጁላይ 22 ገደማ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ጥቂት በሚቀረው በሰሜን ሸዋ ያደገ ሕፃን በዚህ ብርሃን ለመተኛት ይቸገራል፤ ስለዚህ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ዋጋው ከማነሱም ሌላ ለልጆች እንቅልፍ ይመቻል።

አንታርክቲካም በዝርዝር ውስጥ ይገባ ይሆናል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ መነሻው በአብዛኛው የአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ስትሆን ማዕበል የማያጣውን የድሬክ ባሕር ማቋረጥ በአንድ በኩል ብቻ ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይሆንም፤ ወጪውም ከሌሎቹ እጅግ ይበልጣል።

ብርዱን በልኩ ማወቅ

የአላስካ ዋና ከተማ የጁኖ ሐምሌ ቀን ቀን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህም ከደብረ ብርሃን ሐምሌ ብዙም አይለይም። በኖርዌይ ጫፍ በኖርድካፕ አካባቢ ደግሞ አማካዩ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። የኅዳርን ውርጭ ለለመደ የመንዝ ሰው ይህ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስቸግረው እርጥበቱና በመርከቡ ሰገነት ላይ ያለው ነፋስ ነው። ኬቺካን የምትባለው የአላስካ ወደብ በዓመት ከ3500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም የደብረ ብርሃንን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ አንዴ ከረጠበ አያሞቅም፤ ለሰገነት የሚሆነው ከላይ ውኃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ፣ ከሥር ደግሞ የበግ ጠጉር ሹራብ ነው። መስመር በሚመረጥበት ጊዜም በዝናብ ቀን ከመጠለያ በታች የሚታይ ነገር ያላቸውን ወደቦች መቁጠር ይጠቅማል።

የባሕሩን ጸጥታ መመዘን

ባሕር አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ በካርታው ላይ ከወደቦቹ ይልቅ በወደቦቹ መካከል ያለውን ውኃ መመልከት አለበት። ከቫንኩቨር የሚነሡ የአላስካ መስመሮች በአመዛኙ በደሴቶችና በዋናው ምድር መካከል በተከለለው የውስጥ መተላለፊያ ያልፋሉ። ከሲያትል የሚነሡት ብዙዎቹ ግን ከቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ ባለው ክፍት ውቅያኖስ ስለሚሄዱ ይንገላታሉ። ፊዮርዶቹም ውስጣቸው ጸጥ ያለ ቢሆንም ወደ እነርሱ ለመድረስ የሰሜን ባሕርን ማቋረጥ አለ፤ ከበርገን መነሣት ይህን ያስቀራል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ በመኪና ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ መርከብም ላይ ሊያመው ስለሚችል፣ ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ክፍሉ በመርከቡ መካከልና በታችኛው ፎቅ ቢሆን ይመረጣል፤ መድኃኒቱንም ከመሄዱ በፊት ሐኪም ማማከር ነው።

የወደብ ሰዓታትን ማንበብ

ሁለት መስመሮች የወደቦቻቸው ስም አንድ ሆኖ ዋጋቸው ሲለያይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ውስጥ ነው። በጁኖ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የሚቆይ መርከብ የሜንደንሆልን የበረዶ ግግር በእርጋታ ያሳያል፤ ከቀትር በኋላ ደርሶ ለአራት ሰዓታት ብቻ የሚቆየው ግን አረጋውያንን የያዘ ቤተሰብ ያስሮጣል። በመርከብ ላይ የሚነገረው ሰዓት የአውሮፓውያን መሆኑን ለልጆቹም ለአያቶቹም ማስጠናት ያስፈልጋል። 16:00 ማለት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መግባት አለበት። በራሱ ወጥቶ የዘገየን ሰው መርከቡ አይጠብቅም።

መራመድ የሚከብዳቸው ላሉበት ቤተሰብ የአላስካዋን ወደብ ስካግዌይን የሚጨምር መስመር መልካም ነው። በዚያ ከ1898 እስከ 1900 በወርቅ ፍለጋው ዘመን የተሠራው የዋይት ፓስ የባቡር ሐዲድ ከባሕር ዳር እስከ ተራራው ጫፍ ስለሚወጣ ሁሉም ተቀምጦ ያያል። ያ ስመ ጥር ጫፍ 870 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት እንኳ ያንሳል። በረዶ የሚጥልበት በከፍታው ሳይሆን ወደ ሰሜን ዋልታ በመቅረቡ ነው። አንዳንድ ባቡሮች ግን ወደ ካናዳ ዘልቀው ስለሚገቡ ቲኬቱ ጫፉ ላይ የሚመለሰው መሆኑን መጠየቅ ያሻል።

ግላሲየር ቤይ የሚል የአላስካ ብሔራዊ ፓርክ ስም በዝርዝሩ ላይ ካለ ለእርሱ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያስቆጫል ብዬ አላስብም። ፓርኩ በቀን ከሁለት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች በላይ አያስገባም፤ መንገደኛው ሳይወርድ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ግግሩን ያያል፣ የፓርኩ ጠባቂዎችም ወደ መርከቡ ወጥተው ያስረዳሉ። በደፈናው «የበረዶ ግግር ዕይታ» ብቻ የሚል መስመር የትኛውን ግግር እንደሚያሳይ በስሙ ይጠየቅ።

ቦታ ከመያዝ በፊት

በአገራችን ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ የልጅ ሁለተኛ ስምም የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ቤት ሰዎች በፓስፖርት ላይ የማይዛመዱ ስለሚመስሉ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀቶችን አስተርጉሞና አረጋግጦ መያዝ ከኤምባሲም ሆነ ከመርከብ ሠራተኞች ጋር የሚደረገውን ክርክር ያስቀራል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአክስቱ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የቀረው ወላጅ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ የፈቀደበት ጽሑፍ ያስፈልጋል። ብዙ ኩባንያዎች ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃንና ከ24 ሳምንት ያለፈ እርግዝና ያላትን እናት አይጭኑም። አራት ሰው የሚይዙ ክፍሎች በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ።

በማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ የሠራተኞችን ጉርሻ፣ የየወደቡን ጉብኝትና ኢንተርኔትን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ መስመሮችን ሲያወዳድሩ እነዚህንና የአውሮፕላኑን ቲኬት ደምሮ ነው። ከዋጋው በላይ መታየት ያለባቸው ግን ሁለት ቀናት ናቸው፤ ቀብዱ የማይመለስ የሚሆንበት ቀንና ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቅበት ቀን። የኋለኛው ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ ይውላል። ለሐምሌ መስመር ሲቆጠር ይህ ሚያዝያ አካባቢ ስለሚሆን የቪዛው ማመልከቻ ቢዘገይ ከጥር ባያልፍ ይመከራል። የኤምባሲው ቀጠሮ ቀሪው ክፍያ ከሚጠናቀቅበት ቀን በኋላ የሚውል ከሆነ ግን መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘቡን ከመክፈል ይልቅ ቦታውን ለሚቀጥለው ክረምት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ኩባንያውን መጠየቅ ይቀድማል።